በከተማና በአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ ድምፅ ስለመስጠት፦ የተመዘገበ አድራሻ፣ የመራጮች መዝገብና የምርጫው ቀን

በእስራኤል የከተሞችና የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ በመደበኛነት በየአምስት ዓመቱ ይካሄዳል። ነዋሪው በአንድ ቀን ሁለት ድምፅ ይሰጣል፤ አንዱ ለከንቲባው ወይም ለአካባቢው ምክር ቤት ኃላፊ፣ ሌላው ለምክር ቤቱ አባላት ነው። ቀድሞ ኃላፊውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ራሱ ነበር፤ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ወዲህ ግን ነዋሪዎች በቀጥታ ይመርጡታል። የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍሉ (ሪቫሓ) አሠራር፣ የሰፈሩ ማትናስ፣ የጎዳና ጽዳትና መብራት፣ እንዲሁም የአርኖና ክፍያ በአብዛኛው የሚያልፉት በዚህ ምርጫ በተመረጡ ሰዎች እጅ ነው።

የመምረጥ መብት ያለው በምርጫው ዕለት 17 ዓመት የሞላውና በሕዝብ መዝገብ በዚያ አካባቢ ነዋሪነቱ የተመዘገበ ሰው ነው። ለክኔሴት ምርጫ የሚጠየቀው 18 ዓመት በመሆኑ፣ ገና ትምህርት ላይ ያሉ ብዙ ወጣቶች በዚህኛው ምርጫ መሳተፍ እንደሚችሉ ሳያውቁ ይቀራሉ። በተጨማሪም የአካባቢ ምርጫ ለዜጎች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያላቸው ሰዎችም ይመርጣሉ። በቱሪስት ወይም በሥራ ቪዛ የሚኖር ሰው አይመርጥም።

ለመምረጥ የተለየ የምዝገባ ማመልከቻ ማቅረብ አያስፈልግም። የመራጮች መዝገብ የሚዘጋጀው በሕዝብ መዝገብ ውስጥ ከሰፈረው አድራሻ ነው። ለመራጩ ቀላል የሆነው ይህ አሠራር ግን አንድ ውጤት አለው፤ የሚመርጡት በእርግጥ በሚኖሩበት ከተማ ሳይሆን፣ በመዝገቡ ላይ አድራሻዎ በሆነው ከተማ ነው። በምርጫው ዕለት የሚያጋጥመው እንግልት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ በፊት፣ ቤት ከተቀየረበት ቀን አንሥቶ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ጽፋት ከሚገኝ መርካዝ ክሊታ ወጥቶ ነታንያ ቤት የገዛ ቤተሰብ እናስብ። ልጆቹ በነታንያ ይማራሉ፤ አባትና እናት በዚያው ይሠራሉ፤ በመታወቂያው አባሪ (ሴፋኽ) ላይ ያለው አድራሻ ግን አሁንም የመርካዝ ክሊታው ነው። የዚህ ቤተሰብ ስም የሚገኘው በጽፋት የመራጮች መዝገብ ነው። በነታንያ ምርጫ ጣቢያ የኪራይ ወይም የግዢ ውል ቢያሳዩ፣ የመብራት ሂሳብ ቢያቀርቡ፣ ጎረቤት ቢመሰክርላቸውም የጣቢያው ኮሚቴ ስማቸውን በዝርዝሩ ላይ መጨመር አይችልም። በአገሪቱ ሌላ ጫፍ ሄደው ለማይኖሩበት ከተማ መምረጥ ወይም መቅረት ብቻ ይሆናል ምርጫቸው።

ስለዚህ አድራሻ የቀየረ ሰው ለውጡን ለሕዝብና ስደተኞች ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ይህን በባለሥልጣኑ ቢሮ በአካል ቀርቦ ወይም በኢንተርኔት ማድረግ ይቻላል። ለምርጫው ዋጋ የሚኖረው ግን ከምርጫው ዕለት ሳምንታት ቀደም ብሎ በሚውለው የመወሰኛ ቀን በመዝገብ ላይ የነበረው አድራሻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚደረግ ለውጥ ለሌሎች ጉዳዮች ቢያገለግልም ለተያዘው ምርጫ አይቆጠርም። በአንጻሩ፣ በአንድ ከተማ ለመምረጥ ሲባል ብቻ የማይኖሩበትን አድራሻ ማስመዝገብ ወንጀል ነው። ዘመድ ወይም የእጩ ደጋፊ «ለጥቂት ወር ወደ እኛ አድራሻ ተዛወሩ» ቢልዎ ተጠያቂነቱ በእርስዎም ላይ ያርፋል።

ከምርጫው በፊት ለእያንዳንዱ መራጭ የምርጫ ጣቢያውን (ካልፒ) ቁጥርና ቦታ የሚገልጽ ማስታወቂያ በተመዘገበው አድራሻ በፖስታ ይላካል። ማስታወቂያው ከጠፋ ወይም ካልደረሰ የመምረጥ መብት አይቀርም፤ ይዞ መገኘትም ግዴታ አይደለም። የአንዱ ቤተሰብ አባል ደርሶት የሌላው ሳይደርሰው ሲቀር፣ ወይም የቀድሞው ቤት አከራይ «ደብዳቤ መጥቶልሃል» ብሎ ሲደውል ግን አድራሻው በመዝገብ ላይ እንዳልተስተካከለ መጠርጠር ይገባል። ጣቢያዎን በመታወቂያ ቁጥርዎ ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃፕኒም) ማጣራት ይችላሉ።

የምርጫ ጣቢያዎች በአብዛኛው ከ7፡00 እስከ 22፡00 ሰዓት ክፍት ናቸው። ይህ በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። በአንዳንድ ትናንሽ መንደሮች ሰዓቱ ሊለይ ስለሚችል በማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። መታወቂያ (ቴዑዳት ዜሁት) መያዝ ግዴታ ነው፤ ጊዜው ያላለፈበት የእስራኤል ፓስፖርት ወይም ፎቶግራፍ ያለበት መንጃ ፈቃድም ያገለግላል። ከአገር ውጭ ላለ ሰው በዚህ ምርጫ ድምፅ የሚሰጥበት መንገድ የለም።

በጣቢያው ማንነትዎ ከተረጋገጠ በኋላ ሁለት ፖስታ ይሰጥዎታል፤ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ነጭ ነው። ከመከለያው ጀርባ የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹን (ፔቴክ) ያገኛሉ። ለኃላፊው የሚሰጠው ወረቀት ቢጫ ሲሆን የእጩው ስም ተጽፎበታል፤ ለምክር ቤቱ የሚሰጠው ነጭ ሲሆን የተወዳዳሪው ቡድን የዕብራይስጥ ፊደላትና ስም ይታዩበታል። ቢጫው በቢጫ ፖስታ፣ ነጩ በነጭ ፖስታ ይገባል። ሁለቱ ድምፆች የተያያዙ አይደሉም፤ ከንቲባውን ከአንድ ቡድን፣ ምክር ቤቱን ከሌላ ቡድን መምረጥ ይቻላል። በአንድ ፖስታ ውስጥ የሁለት የተለያዩ ተወዳዳሪዎችን ወረቀት ማስገባት ግን ያንን ድምፅ ያበላሻል። የሚፈልጉት ወረቀት ካለቀ ወይም ተቀዶ ካገኙት፣ የትኛው እንደሆነ ሳይናገሩ ወጥተው ለኮሚቴው ያሳውቁ። በክልላዊ ምክር ቤት (ሞዓጻ ኤዞሪት) ሥር ባሉ መንደሮች ለመንደሩ ኮሚቴም ተጨማሪ ድምፅ ሊሰጥ ስለሚችል የፖስታው ቁጥር ከዚህ ይለያል።

ዕብራይስጥ ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ይህ ደረጃ ከሁሉም ይከብዳል። ሕጉ አጃቢ ይዞ ከመከለያው ጀርባ መግባትን የሚፈቅደው በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ድምፅ የመስጠቱን ተግባር ራሱ መፈጸም ለማይችል ሰው ነው። ማንበብ አለመቻል ብቻውን በዚህ ውስጥ አይገባም፤ የኮሚቴው አባላትም የእጩዎችን ስም አንብበው ሊያሳዩ አይችሉም። ስለዚህ ዝግጅቱ በቤት መሆን አለበት። የሚመርጡትን ቡድን ፊደላትና የእጩውን ስም አጻጻፍ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አስቀድሞ በትልቁ ጽፎ ቢያሳይ፣ አረጋዊው መልኩን በዓይን ለይቶ ሊይዘው ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ለይቶ መያዝ ሙሉ ጽሑፍ ከማንበብ እጅግ ይቀልላል። የሚያሳየው ሰው ግን መጀመሪያ «ማንን ይመርጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ የራሱን ምርጫ ማስጠናት እርዳታ አይደለም።

የመንቀሳቀስ ችግር ያለበት መራጭ የተመደበበት ጣቢያ ካልተመቸው፣ በዚያው ከተማ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች በተመቻቸ ሌላ ጣቢያ ድምፅ መስጠት ይችላል።

ድምፅ ምስጢር ነው። ገንዘብ፣ ስጦታ ወይም የሥራ ቦታ ቃል ገብቶ ድምፅ መጠየቅ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ የተቀበለውም እንደሰጠው ሁሉ ይጠየቃል። መታወቂያዎን «እስከ ምርጫው ላቆይልዎ» የሚል ሰው ቢመጣ አይስጡት፤ ለፖሊስ ያመልክቱ። ቃል የገቡለት ሰው ማንን እንደመረጡ ሊያውቅ የሚችልበት ሕጋዊ መንገድም የለም።

ከኃላፊነት እጩዎች መካከል ቢያንስ 40 በመቶ ድምፅ ያገኘ ከሌለ፣ ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ በሁለተኛ ዙር ይወዳደራሉ። በ2018 ምርጫው ኦክቶበር 30 ሲካሄድ ሁለተኛው ዙር ኖቬምበር 13 ነበር፤ በ2024 ደግሞ የመጀመሪያው ፌብሩዋሪ 27፣ ሁለተኛው ማርች 10 ተካሂዷል። በሁለተኛው ዙር የሚሰጠው ቢጫው ወረቀት ብቻ ነው፤ የምክር ቤቱ ውጤት በመጀመሪያው ዙር ያበቃል። በመጀመሪያው ዙር ያልመረጠ ሰው በሁለተኛው መምረጥ ይችላል። የመጀመሪያው ዙር ዕለት ከ2018 ጀምሮ የዕረፍት ቀን ሲሆን ሁለተኛው ግን መደበኛ የሥራ ቀን ነው፤ በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ጣቢያው ከመዘጋቱ በፊት የሚደርሱበትን ሰዓት አስቀድመው ከአሠሪያቸው ጋር ቢነጋገሩ ይመረጣል።