ቴኒስ ከቤተ መንግሥት እስከ ሕዝብ

ለብዙዎቻችን ቴኒስ ማለት ነጭ ልብስ የለበሱ ባለጸጎች የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ይህ አስተሳሰብ ያለ ምክንያት የመጣ ስላልሆነ፣ ጨዋታው ከየት እንደ ተነሣና ለሁሉ ሰው እንዴት እንደ ተከፈተ ባጭሩ ለመግለጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቴኒስ አባት በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይ አገር የነበረው የመዳፍ ጨዋታ ነው። ራኬት ገና ስላልነበረ ኳሱ የሚመታው በእጅ ነበር። ኋላ ጓንት፣ ቀጥሎም ራኬት መጣ። ጨዋታው በግንብ በተከበበ አዳራሽ ስለሚደረግ በተለይ የነገሥታትና የመኳንንት መደሰቻ ሆነ።

ከአዳራሽ ወደ መስክ ያወጡት ሁለት ፈጠራዎች ናቸው። በ1830 እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ የሣር ማጨጃ መኪና ስለ ሠራ ሜዳው እንደ ምንጣፍ ተስተካከለ። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ደግሞ ጎማን በድኝ የማጠንከር ዘዴ ስላገኘ በሣር ላይ የሚነጥር ኳስ ለመሥራት ተቻለ። በ1874 ሻለቃ ዎልተር ዊንግፊልድ መረቡን፣ ራኬቱንና ኳሱን ባንድ ሣጥን አድርጎ ከነደንቡ ይሸጥ ጀመር። በ1877 በዊምብልደን የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ 22 ወንዶች ተመዘገቡ፤ ስፔንሰር ጎርም አሸነፈ። ሴቶች የተፈቀደላቸው ከ7 ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሞድ ዋትሰን ታላቅ እኅቷን ሊልያንን ድል አድርጋ ውድድሩን አሸነፈች።

ነገር ግን በሩ ገና ለሁሉ አልተከፈተም ነበር። በአሜሪካ ጥቁሮች በትልቁ ብሔራዊ ውድድር አይገቡም ነበር። አልቲያ ጊብሰን በኒውዮርክ በሃርለም ሰፈር፣ መንገድ ላይ በእንጨት መምቻ መጫወት የጀመረች የድኻ ልጅ ናት። በ1950 የቀድሞዋ ባለ ድል አሊስ ማርብል አድልዎውን በመጽሔት ላይ በግልጽ ከነቀፈች በኋላ ተፈቀደላት፤ በ1957ም የዊምብልደንን ዋንጫ ከንግሥት ኤልሳቤጥ እጅ ተቀበለች። ይሁን እንጂ እነዚህ ውድድሮች ለአሸናፊ ገንዘብ አይከፍሉም ነበር። ዋንጫ እንጀራ ሆኖ አይበላምና፣ በ1958 ዳግመኛ ካሸነፈች በኋላ ተለየቻቸው።

በ1968 ዊምብልደን በጨዋታው ለሚተዳደሩም ተከፈተ። በዚያው ዓመት ጥቁሩ አርተር አሽ በአሜሪካ ውድድር ሲያሸንፍ፣ እርሱ ገና አማተር ስለ ነበረ 14,000 ዶላሩን የተቀበለው ተሸናፊው ቶም ኦከር ነበር። ዊምብልደን ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ሽልማት የሰጠው ግን በ2007 ነው።

እንግዲህ መረቡ ለንጉሥ ዝቅ፣ ለድኻ ከፍ አይልም። ሰውን ያራቀው ጨዋታው ሳይሆን በር ጠባቂው ነው። እኛም የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ጥቂቶቹን ራኬቶች ይዘን ታናናሾቻችንን ከሜዳው ዳር ያቆምንበት፣ እኅቶቻችንንም ኳስ እንዲያቀብሉ ብቻ የጠራንበት ቀን አለ። ዛሬ ራኬቱን ስናስረክብ ይህን ጥፋታችንን እንዳትወርሱት አደራ እንላለን።