መምህራኑና «ሴክተር ሪቪው»



በ1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በዓለም ባንክ ድጋፍ የአገሪቱን የትምህርት ሥርዓት አስገመገመ፤ ጥናቱም «ሴክተር ሪቪው» ተባለ። ግኝቱ መራራ ነበር፤ ትምህርት ለከተሜው እንጂ ለገጠሩ ልጅ አልደረሰም። ደብረ ታቦር የምትገኝበት የያኔው በጌምድር ገበሬ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። የቀረበው መፍትሔ ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስ ሲሆን፣ መምህራንና ወላጆች ግን የድኻውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት የሚያግድ አጥር አድርገው አዩት።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር አባላት የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር ዕቅዱ እንዲቀር ጠየቁ። መንግሥትም አገደው።

ማኅበሩ አሸነፈ። ይሁን እንጂ ክርክሩ በመፍትሔው ላይ ሲያርፍ፣ የገጠሩን ልጅ የሚመለከተው ግኝት ወደ ጎን ተገፋ።

እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። የሙያ ማኅበር የመንግሥትን ግምገማ ከውጭ ሆኖ ሊያስቆም ይችላል፤ ሊያርመው የሚችለው ግን ጥያቄው ሲቀረጽና መስፈርቱ ሲወጣ በስፍራው ከተገኘ ነው። እናንተም ነገ ገምጋሚም ተገምጋሚም ትሆናላችሁና፣ ከውጤቱ አስቀድማችሁ «መስፈርቱን ማን አወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ።