ጠመንጃው ተቆጠረ፤ ጥይቱስ?

በሀገራችን ስለ ጠመንጃ ያልተባለ ነገር የለም። ምንሽሩ፣ ውጅግራው፣ ሰናድሩ፣ አልቢኑ ሁሉም በቀረርቶና በፉከራ ስማቸው ሲነሣ ኖሯል። ስለ ጥይት ግን፣ ይልቁንም ከተተኮሰ በኋላ መሬት ላይ ስለሚቀረው ቀለሃ፣ የጻፈ ጥቂት ነው። ይህ ጸሐፊ የአሶሳንና የቤኒሻንጉልን ታሪክ በዚያች ባዶ ቀለሃ በኩል መመልከት ይሻላል ባይ ነው። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ከተገኘ ለልጅ ልጅ ይወረሳል፤ ጥይት ግን ባለቀ ቁጥር ከሌላ እጅ የሚለመን ነገር ነው። የሚለመነውም ወገን ጌታ ይሆናል።

ነገሩን ከድንበር ማዶ እንጀምር። ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በሱዳን የነበረውን የግብፅ ጦር ድል ሲነሡ እጅግ ብዙ የሬሚንግተን ጠመንጃ ማረኩ። ጥይት የሚልክላቸው መንግሥት ግን አልነበረም። ስለዚህ የኸሊፋ አብዱላሂ ሰዎች የተተኮሰውን ቀለሃ እየለቀሙ በኦምዱርማንና በካርቱም በሠሩት ባሩድ ይሞሉት ጀመር። በእስር የነበረው ጀርመናዊ ነጋዴ ቻርልስ ኖይፌልድ ለባሩድ የሚሆነውን ጨው እንዲያነጥር ተገድዶ እንደ ነበር፣ ነጻ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፉ ተርኳል። ባሩዱ ደካማ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1898 በከረሪ ሜዳ ከ10,000 በላይ ደርቡሽ ሲወድቅ የእንግሊዝና የግብፅ ወገን ሙታን 50 እንኳ አልሞሉም። እርግጥ ነው፣ ልዩነቱን የፈጠሩት መክሲምና መድፍ ጭምር ናቸው፤ ዳግመኛ የተሞላው ጥይት ግን ከጠላት ደረት ሳይደርስ ይወድቅ ነበር።

የዳግማዊ ምኒልክ ብልኃት ሌላ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ከራሷ ከጣሊያን ነው የተቀበሉት! እ.ኤ.አ. በ1893 መጀመሪያ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ከእጃቸው ከገባ በኋላ የውጫሌን ውል አፈረሱ። ከዓድዋ ድል በኋላም፣ በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤኒሻንጉል ሲዘምቱ የአካባቢው ሼኮች ጠመንጃ አላጡም፤ ከሱዳን ወገን በንግድም በጦርነትም ሲገባላቸው የኖረ ነው። ያጡት ጥይት የሚያስገኝ የራሳቸው በር ነበር። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ከተወሰዱ በኋላ ቆይተው ተፈትተው ወደ ግዛታቸው ሲመለሱ ይህን የተረዱ ይመስላል። ወርቅ ገበሩ፤ ሥልጣናቸው ጸና። አዲስ አበባም እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ሰፈር አላት። ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለዚህ ምድር የጻፈውን መጽሐፍ «ጨው፣ ወርቅና ሕጋዊነት» ብሎ ሰይሞታል። ደፋር ብሆን አራተኛ ቃል አክልበት ነበር፤ ጥይት።

ጥይት በዚያ ዘመን ገንዘብም ነበርና። የውጅግራ ጥይት ከአሞሌና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር በገበያ ይመነዘር ነበር። ዝናር የታጠቀ ሰው ወገቡ ላይ የጦር መሣሪያውንም ኪሱንም ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ቀለሃም አይጣልም፤ ውጅግራ አንድ በአንድ የሚጎርስ ጠመንጃ ስለሆነ ተኳሹ ባዶውን በእጁ አውጥቶ ወደ ዝናሩ ይመልሰዋል፤ በኋላም ባሩድና እርሳስ ጨምሮ ይሞላዋል። ጥራቱ የፋብሪካውን አይተካከልም። ሆኖም በዚያች ታናሽ ሥራ አራሹ ከገዢውም ከነጋዴውም ጥቂት ነጻነት ያገኝ ነበር።

ግን ነጻነቱ የማን ነበር? ጠመንጃ ያለው ሰው ባሪያ ይፈነግላል፤ ባሪያው ይሸጣል፤ በዋጋውም ጥይት ይገዛል። በዚህ አዙሪት ውስጥ የተፈጨው የበርታ፣ የማኦና የኮሞ ገበሬ ነው። የአውሮፓ ኃያላን እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ ሲስማሙ ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር የመሣሪያ ንግድን ያገዱት የባሪያ ንግድን ለመግታት ነው ብለው ነበር። ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ስለ ባሪያ ንግድና ስለ መሣሪያ ቃል እንድትገባ ተደርጋለች። ያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 ሀገሪቱ ስትወረር ምን እንዳደረገ አንባቢ ያውቀዋል። አርበኞቻችን ከጠላት በመማረክና እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች በሚልኩላቸው ጥይት ነው አምስት ዓመት የቆዩት። (በነገራችን ላይ፣ መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን እጅ ያስለቀቁት ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ጥቁር ወታደሮች መሆናቸውን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?)

ከጦርነቱ በኋላ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ መጣ። የቃኘው ሻለቃ ኮርያ የተዋጋበት የአሜሪካኑ ኤም ዋን፣ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህም ከሶቭየት ኅብረት የገባው ሲሞኖቭ፣ ባለቤቱ ሳያቀባብል ቃታውን በሳበ ቁጥር ይተኩሳሉ። የሚሠሩትም በራሱ በባሩዱ ጋዝ ግፊት ነው። ስለዚህ የጥይቱ ኃይል ሁልጊዜ እኩል መሆን አለበት፤ ቢያንስ መሣሪያው ይነክሳል። የጓሮ ባሩድ ለዚህ አይበቃም። ቀለሃውም በእጅ አይወጣም፤ ተወርውሮ ሣር ውስጥ ይጠፋል። የምሥራቁ ቀለሃ አብዛኛው ከብረት የተሠራ በመሆኑ ቢለቀም እንኳ ዳግመኛ ለመሙላት አይመችም። የጥንቱ ባለ ውጅግራ ዝናሩን ራሱ ሞልቶ ይዘምት ነበር፤ የዛሬው ባለ ሲሞኖቭ ግን ካዝናው በጎደለ ቁጥር የፋብሪካ፣ የመንግሥት ወይም የኮንትሮባንድ ነጋዴ ደጅ ይጠናል።

እንግዲህ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1982 ዓ.ም. ጥር ወር ኦነግ በሻዕቢያ ጦር እየታገዘ አሶሳን ሲይዝ ከወሎና ከሌላም ቦታ በሠፈራ የመጡ ምስኪኖች አለቁ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ፣ በበኩጂ ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በመካከሉ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል። ከበኩጂ በኋላም በአንድ በኩል ትጥቅ ሲፈታ፣ በሌላ በኩል ተፈናቃዮች በሚሊሻነት ሠልጥነው ሲታጠቁ ተመልክተናል። በሁለቱም በኩል መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የጠመንጃው ቁጥር ነው።

ቀለሃ ግን የራሱ መዝገብ አለው። ከግርጌው ላይ ብዙውን ጊዜ ፋብሪካውንና የተሠራበትን ዓመት የሚያመለክት ምልክት ተመትቶበታል። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በዳርፉር ከመሬት የለቀሙትን ቀለሃ እያነበቡ፣ እገዳው ከተጣለ በኋላ የተሠራ የሱዳን ጥይት እዚያ መድረሱን አረጋግጠዋል። ሥራውም ከአንድ ከረጢትና ከአንድ ማጉያ መነጽር የበለጠ ዕቃ አይጠይቅም። በበኩጂ ማሳ የወደቁትን ቀለሃዎች የለቀማቸው ማን ነው? ግርጌያቸውስ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?