የምክር አገልግሎት ሱፐርቪዥን ሥነ ምግባር

የምክር አገልግሎት ሱፐርቪዥን ሥነ ምግባር፣ ልምድ ያለው ባለሙያ (ሱፐርቫይዘር) የሌላ አማካሪን ሥራ እየተከታተለ ሲያግዝ የሚነሡ የሥነ ምግባር ጥያቄዎችን ይመለከታል። የጥያቄዎቹ ምንጭ ሱፐርቫይዘሩ ያለበት ድርብ ኃላፊነት ነው፤ አማካሪውን በሙያው ማሳደግ፣ እንዲሁም ራሱ የማያገኘውን ተመካሪ ከጉዳት መጠበቅ። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባቸው እንደ ብቸናና ሞጣ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች እነዚህን ኃላፊነቶች ማስታረቅ ይከብዳል።

የሱፐርቪዥን ተግባራት

ብሪጂት ፕሮክተር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሱፐርቪዥንን ተግባራት በሦስት ከፍላለች፦ የሙያ ደረጃን መጠበቅ፣ ችሎታን ማሳደግ፣ ሥራው የሚያስከትለውን የስሜት ጫና ማቃለል። በኢትዮጵያ «ሱፐርቫይዘር» የሚለው ቃል ይበልጥ የሚታወቀው በትምህርት ቤት ጉድኝት ማዕከላትና ጤና ጣቢያዎች በጤና ኬላዎች ላይ በሚያደርጉት ክትትል ነው። «ድጋፋዊ ሱፐርቪዥን» የሚባለውም ከቁጥጥር ለመለየት ነው። ልዩነቱ ለሥነ ምግባር ወሳኝ ነው፤ ስሕተትን የሚሰማው ሰው የሥራ አፈጻጸም ነጥብም የሚሞላ ከሆነ፣ አማካሪው ስሕተቱን ይደብቃል፤ ጉዳቱም በተመካሪው ላይ ይወድቃል።

ዋና ዋና አጣብቂኞች

ምስጢር፦ አማካሪው እርዳታ ለማግኘት የተመካሪውን ጉዳይ ለሦስተኛ ሰው ይናገራል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ ጠበቆችንና ሐኪሞችን ጨምሮ በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር ያለአግባብ የሚገልጹ ሰዎች እንደሚቀጡ ይደነግጋል።

ድርብ ግንኙነት፦ ሱፐርቫይዘሩ የአማካሪው አለቃ፣ ዘመድ ወይም የእድር አባል ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስሕተትን በግልጽ መንገርም መቀበልም ያስቸግራል።

የውሳኔ ኃላፊነት፦ በዚህ ረገድ የታራሶፍ ጉዳይ በሰፊው ይጠቀሳል። በካሊፎርኒያ አንድ ተማሪ ታቲያና ታራሶፍ የተባለችውን ወጣት የመግደል ሐሳብ እንዳለው ለሥነ ልቦና ባለሙያው ተናገረ። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አሳወቀ፤ ፖሊስ ግን ተማሪውን ለቀቀው። የባለሙያው የበላይ ኃላፊም ጉዳዩ እንዳይቀጥል አዘዘ። ወጣቷ ሳትጠነቀቅ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ተገደለች። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባለሙያዎች አደጋ የተጋረጠበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ወሰነ።

በትንንሽ ከተሞች

ብቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ማዕከል በመሆን ይታወቃሉ። በእንዲህ ያለ ከተማ ስም መደበቅ ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም። «አባቷ ቄስ የሆነ፣ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ» ከተባለ ማንነቷ ሊታወቅ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ወላጆቿ ሊድሯት እንደሆነ ለትምህርት ቤቷ አማካሪ ነግራ፣ ለማንም እንዳይናገር ብትለምነው አጣብቂኙ ይከሠታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ይከለክላል፤ ልጅቷ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ልጅቷ ግን አባቷ እንዳይታሰር ትፈራለች። ሱፐርቫይዘሩ የሙሽራው ቤተሰብ አበልጅ ቢሆን ደግሞ ጉዳዩን ለእርሱ ማቅረብ ራሱ ወሬውን ማድረስ ሊሆን ይችላል። ዝም ማለትም ልጅቷን ለጋብቻው አሳልፎ መስጠት ነው።

የአካባቢው ባህልም ይታሰባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የንስሐ አባት የተነገረውን ኑዛዜ ለሌላ አይገልጽም። ምስጢርን በዚህ ሚዛን የሚለካ ተመካሪ፣ አማካሪው ጉዳዩን ለሱፐርቫይዘር እንደነገረ በኋላ ቢሰማ እንደ ክህደት ሊቆጥረው ይችላል።

የመፍትሔ አማራጮች

ቀዳሚው እርምጃ ሱፐርቫይዘር መኖሩንና ምስጢር የማይጠበቅበትን ሁኔታ ለተመካሪው ከመጀመሪያው ውይይት በፊት መንገር ነው። ሁለተኛው፣ ለምክሩ የማያስፈልጉ መለያዎችን ማስቀረት ነው፤ ሆኖም ብዙ ዝርዝር ከተቀነሰ የሱፐርቫይዘሩ ምክር ከእውነታው ሊርቅ ይችላል። ሦስተኛው ሱፐርቫይዘርን ከሌላ ከተማ ማድረግ ነው። ብቸናና ሞጣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አንድ መንገድ ላይ በመሆናቸው የአንዱ ከተማ ባለሙያ የሌላውን አማካሪ ሊያግዝ ይችላል። በስልክ ሲሆንም ሌላ ሰው የማይሰማበት ክፍል ያስፈልጋል።

የሕይወት አደጋ ወይም በሕፃን ላይ የሚደርስ ጉዳት ሲያሠጋ የተመካሪው ደኅንነት ይቀድማል። ያን ጊዜም የሚገለጸው ለጥበቃው የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ ልጅቷም ማን፣ ምን እንደሚነገረው አስቀድማ ማወቅ ይገባታል። ውሳኔውና ምክንያቱ ተጽፎ መቀመጡ ኃላፊነቱ የማን እንደነበር በኋላ ለመለየት ይረዳል።