በትክክል መጥለቅ፡- ጠላቂዎችን ለሁለት የከፈለው ጥብቅ ሥልጠና

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው አባባል የአየር ሲሊንደር ተሸክመው ባሕር ውስጥ ለሚጠልቁ ሰዎች ተራ ተረት አይደለም። ስኩባ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ስፖርት ለብዙው ሰው በዕረፍት ጉዞ ወቅት በጥቂት ቀናት ተምሮ የሚሞክረው መዝናኛ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በ90 ሜትር ጥልቀት፣ ድቅድቅ ባለ የዋሻ ጨለማ ውስጥ ኪሎ ሜትሮችን የሚያቋርጡ አሳሾች አሉት። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ደንብ ይሥራ ወይስ ለየራሳቸው ይሁን? ይህ ጥያቄ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጠላቂዎችን ለሁለት ጎራ ከፍሎ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የክርክሩ ማዕከል «ዱዊንግ ኢት ራይት» ወይም በምኅጻር ዲ.አይ.አር. የሚባለው የሥልጠና ፍልስፍና ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «በትክክል መሥራት» ማለት ነው። የጠቡ ግማሽ ከስያሜው ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንዱ ወገን «በትክክል የምሠራው እኔ ነኝ» ሲል፣ ሌላው በስህተት እየሠራ ነው ማለቱ ነውና።

ከፍሎሪዳ ዋሻዎች የተነሳ ደንብ

የፍልስፍናው መነሻ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል የሚገኙት ውኃ የሞላባቸው ዋሻዎች ናቸው። በባሕር ላይ ችግር የገጠመው ጠላቂ፣ አደጋ ቢኖረውም፣ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። በዋሻ ውስጥ ግን ከበላዩ ያለው ድንጋይ ነው። መውጫው የገባበት መንገድ ብቻ ነው። ታዋቂው የዋሻ ጠላቂ ሼክ ኤክስሊ በ1979 ባሳተመው የሥልጠና መጽሐፍ የሞት አደጋዎችን አንድ በአንድ መርምሮ፣ ብዙዎቹ ከተመሳሳይ ስህተቶች የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። እስከ መውጫው ያልተቋረጠ መሪ ገመድ አለመዘርጋት፣ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን አየር ለመመለሻ አለማስቀረትና ከመጠን በላይ መጥለቅ ዋነኞቹ ነበሩ። ደንቡ ከመቃብር የተማረ ደንብ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ዊልያም ሆጋርት ሜይን የተባለው ጠላቂ የማያስፈልግ ዕቃ አለመያዝን፣ የሚያስፈልገውንም ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ማኖርን በማስለመዱ፣ አደራረጉ በመካከለኛ ስሙ «ሆጋርቲያን» ተባለ። በ1990ዎቹ የዋኩላ ምንጭንና አካባቢውን ዋሻዎች ያስስ የነበረው ደብልዩ.ኬ.ፒ.ፒ. የተሰኘ ቡድን፣ በጆርጅ ኧርቪን መሪነት ይህንኑ አደራረግ ለአባላቱ ሁሉ ግዴታ አደረገው። በ1998 ደግሞ ጃሮድ ጃብሎንስኪ ግሎባል አንደርዋተር ኤክስፕሎረርስ (ጂ.ዩ.ኢ.) የተባለውን ድርጅት መሥርቶ፣ የዋሻውን ደንብ ለተራው ጠላቂ ማስተማር ጀመረ።

ደንቡ ምን ይላል?

የቡድኑ አባላት በሙሉ አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ይይዛሉ። በዓይን የሚታየው ዋነኛ ምልክት ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝመው የመተንፈሻ ቱቦ ነው። በተለመደው ሥልጠና አየር ላለቀበት ባልደረባ የሚሰጠው ደረት ላይ የተንጠለጠለው መጠባበቂያ መተንፈሻ ነው። በዲ.አይ.አር. ግን ጠላቂው በአፉ ይዞ የሚተነፍስበትን ራሱን አውጥቶ ይሰጣል፤ እርሱ አገጩ ሥር ባሰረው መጠባበቂያ ይተነፍሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያች ደቂቃ እንደሚሠራ በእርግጠኝነት የሚታወቀው አፍ ውስጥ ያለው ነው፤ የተደናገጠ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚነጥቀው ያንኑ ነው። ቱቦው የረዘመው ሁለቱ ሰዎች በጠባብ መተላለፊያ ፊትና ኋላ ሆነው እንዲወጡ ነው።

የሚተነፈሰው ጋዝም በጥልቀቱ ልክ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በየ10 ሜትሩ የአንድ አየር ያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ በጥልቀት ናይትሮጂን እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ ኦክስጂንም ከልክ ካለፈ ያንዘፈዝፋል። በመሆኑም ከ30 ሜትር በታች ሂሊየም የተቀላቀለበት ጋዝ ግዴታ ነው። ብቻን መጥለቅ አይፈቀድም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በጂ.ዩ.ኢ. ኮርስ አይቀበሉትም። የምስክር ወረቀቱም የዕድሜ ልክ ሳይሆን በየሦስት ዓመቱ የሚታደስ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ብሂል በተግባር የተረጎሙ ይመስላል።

ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። በታኅሣሥ 2007 ጃብሎንስኪና ኬሲ ማኪንሌይ ከተርነር ሲንክ እስከ ዋኩላ ምንጭ 11 ኪሎ ሜትር ያህል በውኃ ውስጥ ተጉዘዋል። ጉዞው ሰባት ሰዓት ያህል፣ የሰውነትን ጋዝ ለማስወጣት በየደረጃው መቆየቱ ደግሞ 14 ሰዓት ያህል ፈጅቷል።

የተቃዋሚዎች ክስ

ተቃዋሚዎች የሚያነሷቸው ነጥቦች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኛ፣ በ12 ሜትር ጥልቀት ዓሣ ለሚመለከት ጎብኚ የዋሻ አሳሽን ደንብ መጫን ከመጠን ያለፈ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ የሰው አካል፣ የውኃው ቅዝቃዜና የጉዞው ዓላማ እየተለያየ አንድ ልክ ለሁሉ መስፋት አይቻልም፤ በቂ መጠባበቂያ ይዞ ብቻውን ለሚጠልቅ ሰው ኮርስ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ። ሦስተኛ፣ ጃብሎንስኪ ሃልሲዮን የተባለ የጠለቃ መሣሪያ አምራች ኩባንያም መሥራች በመሆኑ፣ ደንብ አውጪውና ዕቃ ሻጩ አንድ ሆነዋል የሚል የጥቅም ግጭት ጥያቄ አለ። አራተኛውና ብዙዎችን ያስቆጣው ግን አነጋገሩ ነው። ኧርቪን ከደንቡ ውጪ የሚጠልቀውን «ስትሮክ» በሚል የንቀት ስም ይጠራው ነበር፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር አለመጥለቅ የመጀመሪያው ደንብ እስከመሆን ደርሶ ነበር።

በእኔ አስተያየት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክሶች መልስ አላቸው። የጎብኚው ሳንባ ከአሳሹ ሳንባ አይለይም፤ ድንጋጤም ጥልቀት አይመርጥም። አራተኛው ግን የደንቡን ጥራት ሳይሆን የሰዎችን ጆሮ የሚመለከት በመሆኑ የባሰ ጉዳት አድርሷል። ሊማር የሚችል ብዙ ሰው ከስድቡ ጋር ትምህርቱንም ወረወረው።

ደንቡ ሲፈተን

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን ከተቃዋሚዎች ሳይሆን ከቤተ ሙከራ መጣ። በ2000ዎቹ የዲ.አይ.አር. ሰዎች፣ ከሌሎችም ብዙ ጠላቂዎች ጋር፣ ወደ ላይ ሲወጡ ገና በጥልቁ ሳሉ ማረፍ ይሻላል ብለው ያምኑ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሙከራ ጠለቃ ክፍል በ2011 ያወጣው ጥናት ይህን ፈተሸ። አጠቃላይ የመቆያው ጊዜ እኩል ሆኖ በጥልቁ ዕረፍት የተደረገባቸው 198 ጠለቃዎች 11 የግፊት ሕመም ሲያስከትሉ፣ ዕረፍቱ ወደ ላይ ተጠግቶ የተደረገባቸው 192 ጠለቃዎች ያስከተሉት ሦስት ብቻ ነበር። በዚህ ሳቢያ በዘርፉ የነበረው እምነት ቀስ በቀስ ተቀየረ።

ይህ ማለት ፍልስፍናው ወደቀ ማለት አይደለም። ረጅሙ ቱቦ ዛሬ ስሙን እንኳ በማይወዱ የቴክኒክ ጠላቂዎች ዘንድ ተለምዷል። ትልቁ የሥልጠና ድርጅት ፓዲም በ2013 ባሻሻለው የጀማሪዎች ኮርስ፣ ጂ.ዩ.ኢ. አጥብቆ የሚያስተምረውን በውኃ መካከል ሚዛን ጠብቆ መቆየትን የበለጠ ትኩረት ሰጥቶታል።

ሕግ የተማረ ሰው ከዚህ ክርክር የሚያየው የታወቀ ነገር አለ። አዋጅ ሲወጣ ሐተታ ዘምክንያት አብሮ የሚቀርበው ለጌጥ አይደለም። ምክንያቱ የተጻፈ ደንብ፣ ምክንያቱ ሲቀር ሊሻሻል ይችላል። ምክንያቱ የተረሳ ደንብ ግን ወይ ይመለካል፣ ወይ ይጣላል። የረጅሙ ቱቦ ምክንያት ዛሬም ቆሟል፤ በጥልቁ የማረፉ ምክንያት ግን በመረጃ ተነሥቷል። ሁለቱን በአንድ ጥቅል «ትክክል» ብሎ የተቀበለም፣ በአንድ ጥቅል የጣለም ተሳስቷል።

ባሕር በር የሌለን ሕዝብ ብንሆንም ለሥራም ሆነ ለዕረፍት ወደ ጅቡቲ፣ ዛንዚባር ወይም ሁርጋዳ የሚሄድ ወገናችን ይህ ስፖርት ሊቀርብለት ይችላል። ያን ጊዜ ስለየትኛውም ጎራ መከራከር አያስፈልገውም። አየሬ ቢያልቅ ማን፣ ከየት አውጥቶ ይሰጠኛል? ይህንንስ አብረን በተግባር ተለማምደናል? ብሎ ይጠይቅ። አሠልጣኙ ምክንያቱን ጭምር ካስረዳው ይግባ። «ዝም ብለህ እኔን ተከተል» ካለው ግን ከጀልባው ላይ ሆኖ ባሕሩን ቢያይ ይሻለዋል።