ስለ ቻራስ አሠራርና ስለ ደረጃው አለያየት

በሰሜን ሕንድና በአጎራባቾቹ አገሮች ካናቢስ ከሚባለው ተክል የሚገኘው ነገር በሦስት ስም ተለይቶ ይታወቃል። ቅጠሉ ባንግ፤ የእንስቲቱ ተክል የአበባ ጫፍ ጋንጃ፤ ተለይቶ የተሰበሰበው ሙጫ ቻራስ ይባላል። ይህ ሙጫ እንደ ዕጣን ከቆሰለ ግንድ የሚፈስ ሳይሆን፥ በአበባው ላይ በሚበቅሉ ጥቃቅን ጠጉሮች ራስ ላይ የሚቋጠር ነው። ስለዚህ የሠሪው ድካም ሁሉ ሙጫውን ከቅጠሉ መለየት ነው።

ይህም በሁለት መንገድ ይፈጸም ነበር። በኔፓልና በሂማላያ ተራሮች ሠራተኛው ተክሉ ሳይቆረጥ አበባውን በመዳፉ ያሻል፤ በእጁ የተጣበቀውንም ጥቁር ሙጫ ፍቆ ያድበለብላል። አየሩ ደረቅ በሆነው በያርካንድ ግን አበባው ደርቆ ይደቅቅና በወንፊት ይነፋል፤ ከወንፊቱ የወረደው ብናኝ በቁርበት ከረጢት ይታጨቃል፤ በኋላም በሙቀት ለስልሶ ይታሻል።

ደረጃውም ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው። በደቃቅ ወንፊት መጀመሪያ የወረደው ገለባ ስለማይበዛበት ይከበራል፤ ንፊያው በተደጋገመ ቁጥር ቅጠሉ ይቀላቀልና ዋጋው ይወድቃል።

የያርካንድ ቻራስ በጭነት ከብት 5,540 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የካራኮራም መተላለፊያ አልፎ በሌህ በኩል ወደ ፑንጃብ ይገባ ነበር፤ የእንግሊዝ አስተዳደርም ቀረጥ ይቀበልበት ነበር። በ1893 እና በ1894 እ.ኤ.አ. መንግሥት ያቆመው የሕንድ ካናቢስ ኮሚሲዮን 1,193 ምስክሮችን ሰምቶ፥ በልክ መጠቀም በአብዛኛው ጉዳት እንደማያመጣ፥ ከልክ ማለፍ ግን እንደሚጎዳ ገልጦ፥ ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ በፈቃድና በቀረጥ መቈጣጠር እንዲሻል መከረ።

ሆኖም ዘመኑ ተለወጠ። በ1925 እ.ኤ.አ. በዤኔቭ የተፈረመው ስምምነት ሙጫውንና ከሙጫው የሚሠሩትን ነገሮች፥ ቻራስን ጭምር በስም ጠቅሶ፥ ወደ ከለከሏቸው አገሮች እንዳይላኩ ወሰነ። የያርካንድም ንግድ በ1930ዎቹ ዓመታት ቆመ። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንድ ሕግ ቻራስንና ጋንጃን ሲከለክል፥ ቅጠሉን ብቻ የያዘውን ባንግ ከክልከላው ውጭ ተወው።

እንግዲህ ሠሪው በመዳፉና በወንፊቱ ለዋጋ የለየውን ሕግ አውጪው ለቅጣት ተጠቀመበት። ቀድሞ ሙጫው ከቅጠሉ በጠራ መጠን ባለቤቱ ይከብርበት ነበር፤ ኋላ ግን ያው መለየት ባለቤቱን በወንጀል የሚያስጠይቅ ሆነ።