ከበረዶው በታች የቀረችው ከተማ

ሰው ሊደብቀው የሚፈልገውን ነገር የት ያኖራል? አብዛኞቻችን "ማንም በማያየው ቦታ" ብለን እንመልሳለን። ዛሬ የምናወጋችሁ ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ትልቅ ምስጢር፣ ካሜራና ጋዜጠኛ በተጋበዘበት ቦታ ከ30 ዓመት በላይ ተሸሽጎ ኖሯል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ግሪንላንድ ነው። በዴንማርክ ሥር ያለችው ይህች ደሴት ከዓለም ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ስትሆን፣ አብዛኛው መሬቷ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት በተጋጋለበት ዘመን (አባባሉ ራሱ ያስቃል!)፣ በ1959፣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከቱሌ የአየር ኃይል ሰፈር 240 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በረዶውን መቦርቦር ጀመሩ። ቦይ ይቆፍራሉ፣ በብረት ቅስት ይከድኑታል፣ በላዩ በረዶ ይመልሱበታል። ካምፕ ሴንቸሪ የተወለደችው እንዲህ ነው። መኝታ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ሆስፒታል፣ የጸሎት ቤት፣ ፀጉር ቤት ሳይቀር ነበራት። እስከ 200 ሰው ታሳድራለች። መብራቷ የሚመጣው ደግሞ ተፈታትቶ ተጓጉዞ እዚያው ከተገጣጠመ ትንሽ የኒውክሌር ማብላያ ነበር።

ጦሩ ይህን ሁሉ አልደበቀም። እንዲያውም ፊልም ሠራበት። ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ዋልተር ክሮንካይት ሳይቀር ወርዶ ጎብኝቶታል። "የሳይንስ ጣቢያ ነው" ተባለ። ሐሰት አልነበረም፤ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም።

ያልተነገረው "ፕሮጀክት አይስዎርም" ነው። ጦሩ ያሰበው ከበረዶው ሥር 4,000 ኪሎ ሜትር ዋሻ ዘርግቶ፣ ሶቪየት ኅብረትን መምታት የሚችሉ 600 የኒውክሌር ሚሳኤሎችን ሊሸሽግበት ነበር። ዴንማርክ ግን በ1957 በሰላም ጊዜ የኒውክሌር መሣሪያ በግዛቷ እንደማትቀበል በይፋ አስታውቃ ነበር። ባለቤቷ ሳያውቅ በጓሮው ባሩድ ቤት ሊሠራ ማለት ነው! ጉዳዩ በዝርዝር አደባባይ የወጣው በ1997፣ አንድ የዴንማርክ ተቋም ባሳተመው ጥናት ነው።

ታዲያ ዕቅዱን ማን አከሸፈው? ሰላዮች አይደሉም። በረዶው ራሱ ነው። የበረዶ ግግር ድንጋይ ቢመስልም ቀስ እያለ ይፈስሳል። ግድግዳው ይጠባል፣ ጣሪያው ይጎብጣል። ማብላያው ተነቅሎ ወጣ፤ በ1967 ካምፗ ተተወች። ቆሻሻው ግን እዚያው ቀረ። በ2016 የወጣ ጥናት 200,000 ሊትር ያህል ናፍጣ፣ የፍሳሽ ቆሻሻ፣ መርዛማ ኬሚካልና ጥቂት ጨረር አመንጪ ፍሳሽ ከሥር እንዳለ ገምቷል። የተዉት ሰዎች በረዶው ለዘላለም ይዞት ይኖራል ብለው ነበር። ዓለም እየሞቀች መሆኗን ማን ነገራቸው?

የታሪኩ ምፀት እዚህ ላይ ነው። ሽፋን የነበረው ሳይንስ ከምስጢሩ በላይ ዕድሜ አገኘ። በ1966 ተመራማሪዎች 1,387 ሜትር ያህል ቆፍረው ከበረዶው ግርጌ ደረሱ፤ ከዚያም በታች ያለውን አፈር አወጡ። አፈሩ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተረሳ። በ2017 ኮፐንሃገን ውስጥ ተገኘ። ሲመረመር ቅርንጫፍና ቅጠል ወጣበት! በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ400,000 ዓመት ገደማ በፊት ያ ቦታ ከበረዶ ነጻ ነበር። የማይነካ የሚመስለው ግግር አንድ ጊዜ ቀልጧል ማለት ነው። የግሪንላንድ በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ የዓለም ባሕር 7 ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

በ2024 የናሳ አውሮፕላን በላዩ ሲያልፍ፣ ራዳሩ የተቀበረችውን ካምፕ ምስል ይዞ ተመለሰ።

ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች ከዚህ አንድ ነገር እንወስዳለን። በር ሲከፈትልን፣ "ይህን ለምን አሳዩን? ያላሳዩንስ የቱን ነው?" ብለን መጠየቅ አለብን። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እንደምናየው፣ በረዶ ሥር ቢቀበርም።